ብስክሌተኛውን የገፋው ነፋስ

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1973 ነው። ኤድዊን ሳልትስማን የተባለ መሐንዲስ በካሊፎርኒያው የሞሃቪ በረሃ ብስክሌቱን እየነዳ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከኋላው ከባድ የጭነት መኪና ይመጣል። መኪናው ሊደርስበት ሲል አየሩ ቀድሞ ይደርስና እሱንም ብስክሌቱንም ወደ መንገዱ ዳር ይገፋቸዋል። መኪናው አልፎት ሲሄድ ደግሞ ያው አየር ወደ አስፋልቱ መልሶ ይስበዋል። አንዴ መገፋት፣ አንዴ መሳብ። በአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን በገላው ያውቀዋል። ልብሱን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከአቧራው ከልሎ ያልፈዋል። ሳልትስማን ግን ነገሩን ይዞት ወደ ሥራው ገባ።

ሥራው የት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ዛሬ በኒል አርምስትሮንግ ስም በሚጠራው የናሳ የበረራ ምርምር ማዕከል ነበር። ኤክስ-15 የተባለው የሮኬት አውሮፕላን በ1967 በሰዓት 7,274 ኪሎ ሜትር የበረረው እዚያ ነው። የዚያ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ የቆመ ጭራ ኋላው እንደ ፍልጥ ጀርባ ደፍን ያለ ነበር። ሳልትስማን ደግሞ ከእንዲህ ያለ ደፍን ጀርባ ኋላ አየሩ ምን ያህል እንደሚሳሳ ለዓመታት ለክቷል። ስለዚህ በብስክሌቱ ላይ ሆኖ የተሰማው መሳብ እንግዳ አልሆነበትም። በሰማይ ላይ የሚያውቀው ነገር ጎማ አውጥቶ አጠገቡ አለፈ።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ትልቅ የአሜሪካ የጭነት መኪና ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2.6 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በየሰከንዱ 25 ሜትር ወደፊት ይሄዳል። በዚያች አንዲት ሰከንድ ከፊቱ የሚያገኘው አየር ሲመዘን 3 ኩንታል ያህል ነው። ይህ አየር በየሰከንዱ ወደ ላይና ወደ ጎን መገለጥ አለበት። ካለፈም በኋላ ከተሳቢው ጀርባ የተተወውን ባዶ ቦታ ቶሎ መሙላት ስለማይችል እዚያ ግፊቱ ይቀንስና መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ መከላከል በአራት እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ደግሞ በስምንት እጥፍ ያድጋል። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከሚወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ለዚህ ይሄዳል። ብስክሌተኛውን የገፋውም የሳበውም፣ እንግዲህ፣ ሹፌሩ ገንዘብ ከፍሎ የሞላው ናፍጣ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዓረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። ማደያዎች ፊት ሰልፍ ሆነ። በጥር 1974 የአገሪቱ የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 89 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ሕግ ወጣ። መንግሥት መኪናው እንዲዘገይ አዘዘ። የኤድዋርድስ መሐንዲሶች ግን መኪናው በዚያው ፍጥነት እየሄደ ትንሽ አየር ብቻ እንዲገፋ ማድረግ ይቻል እንደሆነ መመርመር ያዙ።

መሣሪያቸው ቀላል ነበር። አንድ የፎርድ ቫን ወስደው ዙሪያውን በአልሙኒየም ላሜራ ሸፈኑት። ፊቱም፣ ጎኑም፣ ጀርባውም በቀጥታ ተቆርጦ የጫማ ካርቶን መሰለ፤ ስሙም ይኸው ሆነ። ከዚያ ሹፌሩ መኪናውን ያስፈጥነዋል፤ ማርሹን አውጥቶ ፍሬን ሳይነካ ይለቀዋል። መኪናው ቶሎ ከቆመ የያዘው ነገር ብዙ ነው፤ ሳይቆም ርቆ ከሄደ የያዘው ጥቂት ነው። የጎማው ፍትጊያ በስሌት ሲቀነስ የሚተርፈው የአየሩ ድርሻ ነው።

መጀመሪያ አራቱን የቆሙ ማዕዘኖች አጠጋጉ። የአየሩ መከላከል በ40 በመቶ ወረደ። የላይና የታች ጠርዞቹንም ሲያጠጋጉ ቅናሹ 54 በመቶ ደረሰ። ለዚህ ሁሉ ከመኪናው የውስጥ ቦታ የተወሰደው 3 በመቶ ብቻ ነው። ሞተሩን ማንም አልነካውም።

ምስጢሩን ወንዝ ዳር ሄዶ ማየት ይቻላል። ውኃ ክብ ድንጋይ ሲያገኝ ዙሪያውን ታክኮ ይሄዳል፤ ሹል ጥግ ሲያገኝ ግን ይላቀቅና በአዙሪት ይበተናል። አየሩም በካርቶኑ ጥግ ላይ መታጠፍ አቅቶት ይላቀቅ ነበር። ቀጥሎ የመኪናውን ሆድ ከስር ደፈኑት። ከጀርባው ላይ ደግሞ እንደ ጀልባ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ ጭራ ቀጠሉለት፤ ጭራው ብቻውን 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ያ ብስክሌተኛውን የሳበው ባዶ ቦታ ጠበበ ማለት ነው።

ከካርቶኑ ወደ እውነተኛው ተሳቢ ተሻገሩ። እዚያ ሌላ ቀዳዳ አገኙ፤ በጋቢናውና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነፋሱን እየዋጠ መኪናውን ይይዘዋል። ማዕዘኑ ሲጠጋጋና ክፍተቱ ሲሸፈን የነዳጅ ፍጆታው ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተገመተ።

መንገዱ ግን ወዲያው አልተለወጠም። የግዛቶቹ ሕግ የመኪናውን ጠቅላላ ርዝመት ስለሚገድብ፣ ለጭነት ቦታ ለማትረፍ ሲባል ጋቢናው ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሠራ ነበር። በ1982 የወጣ የፌዴራል ሕግ ያንን ገደብ አነሳና ለአፍንጫ ቦታ ተገኘ። በ1985 የጭነት መኪና አምራቹ ኬንዎርዝ ኮፈኑ ወደ ታች ያዘቀዘቀ መኪና ሲያወጣ ሹፌሮች «ጉንዳን በል» ብለው ሣቁበት፤ ናፍጣው ሲተርፋቸው ግን ወደዱት። በ2004 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ቆጣቢ መኪናዎችን የሚያበረታታውን ስማርትዌይ የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ ረጃጅም ተሳቢዎች አየር ማሳለፊያ እንዲገጥሙ ማስገደድ ጀመረች። ዛሬ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች በተሳቢው ጎን እንደ ቀሚስ ወርዶ የሚታየው ሽፋን የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። በዚያ አገር መሪ ይዘው ከግዛት ግዛት የሚያቋርጡ ብዙ ወገኖቻችን ከኋላቸው ይዘውት ይዞራሉ።

በ2015 የመኪና አምራቹ ዳይምለር ከአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው ሱፐርትራክ የተባለ የጭነት መኪና በቴክሳስ መንገድ በአንድ ጋሎን 12.2 ማይል፣ ማለትም በሊትር 5.2 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። የዚያን ጊዜ የተለመደው መኪና የሚሄደው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከጭሱ ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ይህ መኪና ከቅርጹ በተጨማሪ በሳተላይት ካርታ ከፊቱ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ቀድሞ እያወቀ ጉልበቱን ይመጥን ነበር።

ለእኛ መንገድ ይህ ምን ይነግረናል? የደጋው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ መኪናው ይዘገያል፤ ጉልበቱን የሚበላውም አየሩ ሳይሆን የጭነቱ ክብደት ነው። ከጋላፊ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ አዋሽ ያለው የአፋር ሜዳ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተሳቢው ይፈጥናል፤ ነፋሱም ዋጋውን ይጠይቃል። በደንብ ያልተወጠረ ሸራ እየተውለበለበ የሚያባክነው ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ሸራን አጥብቆ ማሰር፣ ጭነቱን ጠርዝ ሳይወጣ መደልደል፣ በጋቢናው አናት ላይ ነፋስ መከፋፈያ መግጠም፣ ፍጥነትን መግታት፣ ይህ ሁሉ ከሳልትስማን ካርቶን የተገኘ ትምህርት ነው፤ አዲስ መኪና እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልገውም።

በሚሌ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚጠብቅ እረኛ ተሳቢ ሲያልፈው ነጠላው መጀመሪያ ወደ ሜዳው፣ ቀጥሎ ወደ አስፋልቱ ይበራል። በነጠላው ላይ ያረፈው ያ ነፋስ ከጅቡቲ ተጭኖ የመጣ ናፍጣ ነው። የምንመኘው ቀን ትልቁ ተሳቢ አጠገቡ አልፎ ነጠላው እምብዛም የማይንቀሳቀስበት ነው።