ፖፓይ ሲንድባድን ሲገጥም

አንድ የፖፓይ ካርቱን ያየ ሰው ሁሉንም እንዳየ ይቆጠራል። ጡንቸኛው ብሉቶ ኦሊቭ ኦይልን ይነጥቃል፣ ፖፓይ ይደበደባል፣ የስፒናች ጣሳውን ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሕፃንም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ የወጣው «ፖፓይ መርከበኛው ከሲንድባድ መርከበኛው ጋር ተገናኘ»ም ከዚህ መንገድ ንቅንቅ አላለም። ሲንድባድም ቢሆን ጥምጥም ያደረገ ብሉቶ ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይቆዩ ብሎ ከመረጣቸው ፊልሞች ተርታ በ2004 አስገብቶታል።

የሠሩት ወንድማማቾቹ ማክስና ዴቭ ፍላይሸር ናቸው፤ ማክስ የኒው ዮርኩን ስቱዲዮ ይመራ ነበር፣ ዴቭ ዳይሬክተር ነበር፣ አከፋፋዩ ፓራማውንት። ያኔ ካርቱን ሲኒማ ቤት ውስጥ ከዋናው ፊልም ጋር የሚታይ የሰባት ደቂቃ ያህል ማሟሻ ነበር። ይህኛው አሥራ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ፖፓይ በቀለም የታየውም በዚህ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባለሦስት ቀለሙን ቴክኒከለር ለካርቱን የመጠቀም መብት እስከ 1935 መጨረሻ ዲስኒ ብቻውን ይዞት ስለነበር፣ ፍላይሸሮች በሩ እንደተከፈተ ነው ዘው ያሉት።

ፊልሙ በባለሙያዎች ዘንድ የሚነሳው ግን ከሁሉ በላይ በአንድ መሣሪያ ነው። ለካርቱን ብዙውን ጊዜ የጀርባው ገጽታ ወረቀት ላይ ይሳላል። ፍላይሸሮች ዋሻውን፣ ዓለቱንና ደረጃውን በትንሹ ቀርጸው በሚሽከረከር መድረክ ላይ አቆሙት። ገጸ ባሕርያቱ የተሳሉበትን ግልጽ ወረቀት በመስታወት መሐል ይዘው ከመድረኩ ፊት ለፊት አቆሙና ካሜራውን ከላይ ሳይሆን ከፊት ደገኑ። አንድ ፎቶ ይነሳል፣ መድረኩ በጥቂቱ ይዞራል፣ ሥዕሉ ይለወጣል፣ እንደገና ይነሳል። ለአንዲት ሰከንድ ሃያ አራት ፎቶ ያስፈልጋል። ውጤቱን ሲንድባድ እየፎከረ በዋሻው ውስጥ ሲንጎራደድ ታዩታላችሁ፦ ቅርቡ ዓለት በፍጥነት፣ ሩቁ በዝግታ ያልፋል፤ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ጥልቀት በዓይን ይዳሰሳል።

ደጋግሜ ሳየው ግን ስፌቱ ይታየኛል። ሰዎቹ ከዋሻው ፊት ይሄዳሉ እንጂ ወደ ውስጡ መግባት አይችሉም። ዓለቱ ላይ ያረፈው ብርሃን እውነተኛ ነው፤ ሲንድባድ ላይ ያለው ቀለም ነው፤ ሁለቱ አይጣጣሙም። መድረኩ በመጣ ቁጥርም ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። የመክፈቻው ፉከራ በከፊል የረዘመው፣ እንደኔ ግምት፣ ያን ያህል የተደከመበትን ዋሻ ለማሳየት ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ ያላረጀው የፖፓይ ማጉረምረም ነው። ዲስኒ ድምፁን ቀድሞ ይቀዳ ነበር፤ ፍላይሸሮች ግን በዚያ ዘመን ንግግሩን የሚቀዱት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነበር። ስለዚህ የፖፓይ ባለድምፅ ጃክ መርሰር ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ፣ የፖፓይ ከንፈር ባይንቀሳቀስም፣ በመጣለት ቀልድ ሥር ሥሩን ያነበንብ ነበር። ለሌላ ስቱዲዮ ጉድለት የሚመስለው ይህ አሠራር ፖፓይን ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው አደረገው። ሰማይ የሚያክለው ሮክ የተባለው ወፍ መርከቡን ሰብሮ ኦሊቭን ሲወስድበትም ያጉረመርማል፣ ባለሁለት ራሱ ግዙፍ ቡላ ሲመጣበትም ያጉረመርማል። በገስ ዊኪ ጎርናና ድምፅ የሚያስተጋባው ሲንድባድ ጮኾ ያስፈራራል፤ የሚያስቀው ግን የፖፓይ መልስ ነው። ዳክዬ ሊፈጭ የስጋ መፍጫ ይዞ የሚያሳድደው የፖፓይ ወዳጅ ዊምፒም እንዲሁ ለታሪኩ ምንም አይጠቅምም፤ ባይኖር ግን ይጎድላል።

በተረፈ ድካሙ ግልጽ ነው። የአረቦቹ ተረት ሲንድባድ ሰባት ጊዜ ባሕር ወጥቶ በብልሃትና በዕድል የተረፈ የባግዳድ ነጋዴ ነው፤ እዚህ የቀረለት ከስሙና ከወፉ ብዙም አያልፍም። ሜይ ኩዌስቴልን የመሰለች ባለድምፅ ያላት ኦሊቭም ከመጮህ የዘለለ ሥራ አልተሰጣትም። ፊልሙ ለኦስካር ታጭቶ በዲስኒው «የገጠሩ ዘመድ» ተሸንፏል፤ ያኛው ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፣ እኔ ግን የምመለሰው ወደ ፖፓይ ነው።

ማየት የሚፈልግ ቅጂውን ይምረጥ። ለዓመታት የዞሩት ቅጂዎች የደበዘዙ ስለሆኑ ቀዩ ቡናማ፣ ዋሻው ጭቃ ይመስላል። በ2007 በዲቪዲ የወጣው የታደሰው ቅጂ ላይ ግን የዓለቱ ስንጥቅ ሳይቀር ይለያል።