ባል ብቻ የሚናገርበት ታሪክ፤ ከሩሲያ አጭር ልብ ወለድ ወደ ህንድ ፊልም

ልብ ወለድ ስናስተምር «ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው?» ብለን መጠየቃችን የተለመደ ነው። ተማሪው «አንደኛ መደብ ተራኪ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ የሩሲያ አጭር ልብ ወለድና ከእርሱ የተወለደ አንድ የህንድ ፊልም አለ።

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «የዋሂቱ» ልንለው የምንችለውን ይህን ታሪክ ያሳተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። መነሻው በዚያው ዓመት በፒተርስበርግ አንዲት ልብስ ሰፊ ቅዱስ ሥዕል ታቅፋ ከፎቅ ራሷን መወርወሯን የሚገልጽ የጋዜጣ ወሬ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ዕቃ በመያዣ እየተቀበለ ገንዘብ የሚያበድር የ41 ዓመት ሰው፣ 16 ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ወላጅ የሌላት ድሃ ልጅ ያገባል። ሰውዬው የክብር ፍልሚያ አልገጥምም በማለቱ ከጦር ክፍሉ የተባረረ መኮንን ነው። ልጅቱ ይህን ቁስሉን ሳይነግራት ተረድታ እንድታከብረው ይፈልጋል፤ ስለዚህም በዝምታ ይገዛታል። አንድ ቀን ጧት ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ስትደግንበት ነቅቶ ሳለ እንደተኛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ በዚህም ያሸነፋት ይመስለዋል። ክረምቱ አልፎ ፍቅሩ ሲገነፍል ግን ጊዜው አልፏል። የጉዞ ፓስፖርት ሊያወጣ ወጣ እንዳለ፣ ቀድሞ እርሱ ዘንድ አስይዛው የነበረውን ሥዕለ ማርያም ታቅፋ በመስኮት ትወረወራለች። ባልየው አስከሬኗ አጠገብ ቆሞ የሚብሰለሰለው አምስት ደቂቃ ብቻ በመዘግየቱ ነው!

ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ የሚነግረን እርሱ ነው። ልጅቱ ስም እንኳ የላትም። ሳቋንም ቁጣዋንም በእርሱ አፍ እንሰማለን፤ እርሱም ራሱን ሲከስ ቆይቶ ወዲያው ለራሱ ጠበቃ ይሆናል። በፊልም ግን ካሜራ ፊቷ ላይ ባረፈ ቅጽበት ልጅቱ የራሷ ትንፋሽ ይኖራታል። የፊልም አዘጋጁ ፈተና እዚህ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ሮቤር ብሬሶን በ1969 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በፓሪስ ሲሠራው አወዳደቋን ትቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ሻሽ አሳየን። ብሬሶንን አብዝቶ ያደንቅ የነበረው ህንዳዊው ማኒ ካውል (1944–2011 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ «ነዘር»ን ሠራ። ታሪኩን ወደ ቦምቤይ ፎቅ ቤት አዛውሮ አበዳሪውን የጥንት ዕቃ ነጋዴ አደረገው። ባልየውን ራሱ የፊልም አዘጋጅ የሆነው ሼካር ካፑር፣ ሚስቲቱን የካውል ልጅ ሻምብሃቪ ካውል ተጫውተዋል።

«ነዘር» በሂንዲ እይታ ማለት ሲሆን ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። የግዕዙ «ነጸረ» የሥር ዘመዱ ስለሆነ፣ መነጽር ያደረገ ተማሪ ሁሉ የፊልሙን ርእስ አፍንጫው ላይ ተሸክሞታል ለማለት ይቻላል።

ርእሱ በከንቱ አልተመረጠም። ዶስቶየቭስኪ ንግግር ያደረገውን ካውል እይታ አደረገው። ተዋንያኑ ቃላቸውን ስሜት ሳይጨምሩበት እንደ ንባብ ይሉታል። ካሜራው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ፊት ስንጠብቅ እጅ፣ ጀርባ ወይም ግድግዳ ያሳየናል። የባልየው ቃል ወደ አንድ ወገን ሲጎትተን ዓይናችን ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በመካከሉም ሰውዬው ሚስቱን ከቶ አይቷት ያውቅ እንደሆነ እንጠራጠራለን። ካውል በ1982 እ.ኤ.አ. ድሩፓድ ስለሚባለው ጥንታዊ የህንድ ዜማ ፊልም የሠራ ሰው ነው። በዚያ ዜማ ዘፋኙ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት አንዲቱን ድምፅ እያመላለሰ ረዥም ጊዜ ይቆያል። «ነዘር»ም እንዲሁ ነው። ዘፈንና ጭፈራ ያለበትን የህንድ ፊልም የለመደ ተመልካች ቢሰለች አልፈርድበትም፤ እኔ ግን ያ ዝግታ ባይኖር ልጅቱን ለማየት ጊዜ ባላገኘን ነበር እላለሁ።

ፊልሙን ማግኘት ለብዙ ትምህርት ቤት አይቻልም፤ ታሪኩን ግን መምህሩ በቃሉ ሊተርከው ይችላል። ከዚያም ተማሪዎቹ ሽጉጡ የተደገነበትን ጧት በልጅቱ አንደበት ይጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ጽፈው ሲጨርሱ ከባልየው የወሰዱትን ዐረፍተ ነገር በሰማያዊ፣ ራሳቸው የፈጠሩትን በቀይ እስክሪብቶ ያስምሩበት።