የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?

በአብደራፊና በመተማ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራን ያውቀዋል። ይህ አረም ሐምራዊ አበባውን ከመሬት በላይ ሲያሳይ፥ ከታች የማሽላውን ሥር ይዞ አብዛኛውን ጉዳት አድርሶ ጨርሷል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቈጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይህን ጠላት በዘር ውርስ ጥናት ከተዋጉት ሊቃውንት መካከል ስመ ጥሩው ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእርሳቸው ሥራ ምሳሌነት፥ የአንድ ተመራማሪ ዋጋ በጽሑፎቹ ብዛትና በመጠቀሳቸው ብቻ ሊታወቅ ይችል እንደ ሆነ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ሚዛኑን እንወቅ። በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዩጂን ጋርፊልድ እያንዳንዱ የሳይንስ ጽሑፍ በየትኞቹ ሌሎች ጽሑፎች እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የጽሑፍን ብዛትና ተጠቃሽነትን በአንድ ቍጥር አጣመረ፤ ይኸውም ከአንድ ሰው ጽሑፎች 20ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ተጠቅሰው እንደ ሆነ ቍጥሩ 20 ይባላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ፥ በ1978 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በ1992 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በአጋር ውስጥ የአቀንጭራ ዘር በትኖ የማሽላ ቡቃያ በመትከል፥ ከሥሩ ምን ያህል ርቆ ያለ የአቀንጭራ ዘር እንደሚበቅል የሚለካበትን ዘዴ ገለጡ። ርቀቱ ባነሰ መጠን የማሽላው ሥር አቀንጭራን የሚቀሰቅስ ቅመም የሚያወጣው በጥቂቱ ነው ማለት ነው። በ1996 ይህ ጠባይ በአንድ ጂን እንደሚወረስ አሳዩ። በ2017 ደግሞ ዳንኤል ጎበናና ባልደረቦቹ፥ ፕሮፌሰሩም ከእነርሱ ጋር ሆነው፥ ጂኑን ራሱን ለይተው አሳተሙ። አንዱ ጽሑፍ ለሌላው መሠረት ሆኖ 25 ዓመት ተጓዘ። የተጠቃሽነት ማውጫ ይህን ሰንሰለት በሚገባ ያሳያል።

ዘሩ ግን ጽሑፉን አልጠበቀም። አቀንጭራን የሚቋቋም 8 ቶን የማሽላ ዘር በ1994 ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ፤ ይህም ጂኑ ከመታወቁ 23 ዓመት አስቀድሞ ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት ከዚሁ ሥራ ነው። ከዚያም በፊት በ1983፥ ከአብደራፊ ድንበር ማዶ በሱዳን፥ ፕሮፌሰሩ ያስገኙት ሀጂን ዱራ 1 የተባለው ድቅል ማሽላ ለገበሬ ተሰጥቷል። በ1999 ገደማ በዓመት በአንድ ሚሊዮን ኤከር ላይ ይታጨድ ነበር። የሱዳን ገበሬ ግን ዘሩን ሲዘራ የግርጌ ማስታወሻ አይጽፍም፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ በማውጫው ቍጥር ውስጥ አይገባም። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለፕሮፌሰሩ ሲሰጥ የተመዘነው ይህም ጭምር ነው።

ይህን ስል ተጠቃሽነትን መናቄ አይደለም። የ1992ቱ ዘዴ በመሳቢያ ተቈልፎ ቢቀር ኖሮ ሌላው ተመራማሪ የራሱን ማሽላ ሊፈትንበት ባልቻለም ነበር። ሜንዴል በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ 1900 ድረስ ችላ ተብሎ ሲኖር ሳይንስ ምን ያህል እንደ ዘገየ ሁላችን እናውቃለን። ሜንዴል በዚያን ዘመን በተጠቃሽነት ተመዝኖ ቢሆን ግን ከንቱ ሰው በተባለ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ጕዳይ አለ። የውጭ አገር ማውጫ የአባትን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጥር፥ ገቢሳ የሚጠሩት ኤጄታ ተብለው ነው። አባቱ ከበደ ወይም ተስፋዬ የሆነ ተማሪ ሥራው ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ስምን ሳይለዋውጡ በአንድ ዐይነት ሙሉ አጻጻፍ ማሳተም ይገባል።

ነገ እኛም ለሹመትና ለዕድገት በቍጥር የምንመዘን ነንና፥ መዛኞቹ ጽሑፉን ማን ጠቀሰው ብለው ከጠየቁ በኋላ፥ ዘሩንስ ማን ዘራው ብለው እንዲጨምሩ ከአሁኑ ልንጠይቃቸው ይገባናል።