የድንኳን መሬት አመራረጥ፦ ከደስአ ጫካ እስከ ጣና ደሴት

ለብዙዎቻችን ድንኳን የሚታወቀው በሰርግና በለቅሶ ነው። ከደጃፍ ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰብበታል፣ ነገሩ ሲያበቃ ይነቀላል። ከመቐለ ወጥቶ በትንሽ ድንኳን ጫካ ውስጥ ወይም ሐይቅ ዳር ማደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጠያቂ ጎረቤት በሌለበት ቦታ የሌሊቱን ሰላም የሚወስነው የመረጡት መሬት ነው። ስለ ድንኳን ዓይነትና ዋጋ እዚህ ብዙ አላወራም። ርካሹ ድንኳን ጥሩ መሬት ካገኘ በደህና ያሳድራል፤ ውዱም ቢሆን የውሃ መውረጃ ላይ ከተተከለ ባለቤቱን አያድንም።

መቐለ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ ኖራ ድንጋይ በበዛበትና ዛፍ በሳሳበት ደጋ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ጫካ ያማረው ራቅ ብሎ መሄድ አለበት። በሰሜን ምሥራቅ፣ የትግራይ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚንደረደርበት ጠርዝ ላይ፣ ደስአ አለ፤ ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን የጥድና የወይራ ደረቅ ደን ነው። በደቡብ በኩል፣ በማይጨውና በኮረም መካከል፣ ሐሸንጌ ሐይቅ ይገኛል፤ የሁጉምብርዳና የግራት ካህሱ ደንም በዚያው አካባቢ ተዳፋቱን ይዟል። ደሴት ላይ ማደር የፈለገ ደግሞ ወደ ጣና ይሻገራል።

የትኛውም ቢሆን፣ ቦታ መምረጥ ከመጠየቅ ይጀምራል። በትግራይ ገጠር ሰው የማይደርስበት የሚመስለው ተዳፋት ሁሉ ባለቤት አለው፦ የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ወይም የመንደሩ ግጦሽ፣ ወይም ሕዝቡ ተማክሮ ከከብትና ከምሳር የከለለው ተራራ። በተለይ የተከለሉት ቦታዎች ያጓጓሉ፤ ሣሩ ረዥም፣ ጥላው መልካም ነው። ነገር ግን ያ ሣር በብዙ ጉልበት የበቀለ ነው። ተራራውን በእርከንና በክልከላ ያዳነችው የትግራይ መንደር፣ አብርሃ ወአጽብሃ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው በዚህ ድካም ነው። የጣቢያውን (የቀበሌውን) አስተዳደር ሳያነጋግሩ እንዲህ ያለ ቦታ መግባት ነውርም ነው፣ ሕግም መጣስ ነው። ከጣቢያው ቀጥሎ የቁሸቱን (የመንደሩን) ሽማግሌ፣ በደኑ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ካለም ካህኑን ያነጋግሩ። ሰላምታና የጉዞውን ዓላማ በግልጽ መናገር ግማሹን ሥራ ይጨርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም የተሻለውን ቦታ የሚያሳየው እዚያው የተጠየቀው ሰው ነው።

ማንም ጠይቆኝ አንድ ቦታ ብቻ እንድጠቁም ቢፈልግ አውድማ እለዋለሁ። ገበሬው አውድማውን የሚያበጀው ደልደል ባለ፣ ውሃ በማይቋጥርና ነፋስ በሚያገኘው መሬት ላይ ነው፤ መሬቱም በከብት ኮቴ ተረግጦ የጠነከረ ነው። ከመንደርም አይርቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የመውቂያ ጊዜ አይታሰብም። ከዚያ ውጭ ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መሬት አላውቅም። ሁለት ነገር ብቻ ያስታውሱ። እህል የሚያዘራው ነፋስ ድንኳንንም ያንገላታል፤ ስለዚህ በሩን ከነፋሱ አዙረው ገመዶቹን ሁሉ ይወጥሩ። ሌላው፣ የብረት ካስማ የተለፋበትን ወለል ስለሚሰነጥቅ ገመዱን በትልልቅ ድንጋይ ማሰር ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረውና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነት፣ በትግራይ መሬት ላይ ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትቶ አልፏል። ከብት ሲያግዱና ሲጫወቱ በእነዚህ ነገሮች የሞቱና አካላቸውን ያጡ ልጆች አሉ። የድንኳን ቦታ ፈላጊ ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት በአንድ ምክንያት ነው፦ እሱ የሚወደውን መሬት ወታደርም ይወደዋል። ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን የሚያሳይ፣ ውሃ የማይርቀው፣ መንገዱን ከላይ የሚቃኝ ጉብታ ለፎቶ እንደሚያምር ሁሉ ለምሽግም ተመራጭ ነበር። እይታው ልብ የሚሰርቅ ጉብታ ካገኙ፣ በጦርነቱ ጊዜ ማን ሰፍሮበት እንደነበር የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ እግርዎን አያንሱ።

ምሽግ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተቃጠለ ተሽከርካሪ ወይም የጥይት ቀለህ ያለበት ቦታ ለማደሪያ አይሆንም። የሚሄዱት ሰውና ከብት በየቀኑ በሚመላለስበት መንገድ ብቻ ይሁን፤ የሚያርፉትም እረኞች በሚያርፉበት። ባልታወቀ መሬት ላይ አይቆፍሩ። እሳትም አያንድዱ፤ ከአፈር በታች የተቀበረን ፈንጂ የእሳት ሙቀት ሊያፈነዳው ይችላል። እንግዳ የሆነ ብረት ካዩ ባሉበት ቆመው፣ በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ለጣቢያው ወይም ለፖሊስ ያመልክቱ። ልጆች ይዘው ከሄዱ ይህን ከቤት ሳይወጡ ይንገሯቸው። ጫካ መውጣት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዞ መውጣት ግን በዚህ ዘመን ከድንኳኑም ይቀድማል።

ደስአ ሲደርሱ ዓይንዎን ወደ ላይ ያንሱ። ድንኳን የሚተክል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሬት መሬት ያያል፤ እዚህ ግን አደጋው ከላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት እንደተመዘገበው፣ በዚህ ደን ውስጥ ቆመው የደረቁ ጥዶችና ወይራዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ዝቅ ባለውና ሞቃታማ በሆነው ክፍል። የደረቀ ዛፍ ቅርንጫፉን ለመጣል ዐውሎ ነፋስ አይጠብቅም። ስለዚህ ከደረቀ ዛፍ፣ ከዛፉ ቁመት በሚበልጥ ርቀት ይስፈሩ። ደረቅ ነው ብለውም ለማገዶ አይንኩት፤ ደኑ ተመልሶ እንዲያገግም ብዙ እየተደከመበት ስለሆነ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዞ መሄድ ለደኑ ማዘን ነው። ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍም፣ ለምለም ቢሆን እንኳ፣ የመብረቅ ዒላማ ስለሆነ በዝናብ ወራት ሥሩ አይታደርም።

ቀጥሎ ብርዱን ያስቡ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ በሚበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የደስአ ከፍተኛ ክፍል ከ2,700 ሜትር ስለሚያልፍ ከመቐለ በብዙ ይበርዳል። ጥርት ባለ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ይህ ሥርዓት በአጭር ርቀት ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ውርጩም እዚያ ይጥላል። ከሸለቆው ወለል 20 ወይም 30 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተተከለ ድንኳን ሞቅ ያለ ሌሊት ያገኛል። በረደኝ ብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ግን ሞት ነው። የከሰል ጭስ አልባ መርዝ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው አይቀሰቅሰውም፤ በየዓመቱ በቤት ውስጥ የሚገድለን እሱው ነው።

የደስአ ምሥራቃዊ ጠርዝ በበጋ ወራት ከቀይ ባሕር አቅጣጫ በሚመጣ እርጥበት በጉም ይሸፈናል። ጉሙ ውብ ነው፤ ጥዶቹንም ያጠጣቸዋል። ነገር ግን ሌሊት ለሽንት የወጣ ሰው አሥር እርምጃ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ከገደሉ አፋፍ በሩቁ ይስፈሩ፤ ጠዋት ተነሥተው እይታውን ለማየት ትንሽ መራመድ አይከብድም። ደረቅ ወንዝም እንዲሁ ያታልላል፦ አሸዋው ለስላሳ፣ ደልዳላ፣ ከነፋስ የተከለለ ነው። እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሎ ከላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል። በወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ ካዩ፣ ያለፈው ጎርፍ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ይውጡ። ሌላም የሚርቁት መሬት አለ፦ ዋልካ። ደረቁ የተሰነጣጠቀ፣ እርጥቡ እግር የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፤ አንድ የበልግ ዝናብ መኪናዎንም ድንኳንዎንም እዚያው ያስቀረዋል።

ስለ ጅብ ሁሉም ይጠይቃል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚኖሩ ጅቦች የሚመገቡት በአብዛኛው ከሰው አካባቢ ከሚያገኙት እንደሆነ ያሳያል፦ ከቤት እንስሳትና ከሚጣል አጥንት። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና አጥንቱ ሲጠፋ፣ በኩሳቸው ውስጥ የሚገኘው የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ጓዝዎን አህያ ተሸክሞ ከሆነ፣ አህያው መንደር ገብቶ በረት ይደር። መንደሩ ቆሻሻና ጥንብ የሚጥልበት ቦታ አጠገብ አይስፈሩ። ምግብ የሚያበስሉበት ቦታ ከመኝታው 50 እርምጃ ያህል ይራቅ፤ የተረፈው ሥጋ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። የድንኳኑን ዚፕ ዘግተው ይተኙ፤ ሙቀት ቢኖርም በሩን ከፍቶ መተኛት ልማድ አይሁን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ቤተሰብ ከሐሸንጌ ቢጀምር እመርጣለሁ። ዋናው መንገድ ቅርብ ነው፣ ጫካውና ውሃው በአንድ ዓይን ይታያሉ፣ ወፎቹ ብዙ ናቸው። ቦታው ታሪክም ያለበት ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ የሚያፈገፍገውን የኢትዮጵያ ሠራዊት የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ የደበደቡት በዚህ ሐይቅ ዳር ነበር። ያን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲያድር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሐሸንጌ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባው ውሃ የሚቀንሰው በአብዛኛው በትነት ስለሆነ ዳርቻው እንደ ዝናቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አረንጓዴው የዳር ሜዳ ለዓይን የተመቸ ቢሆንም ሦስት ጉድለት አለበት፦ ረግረግ ይሆናል፣ ቀዝቃዛው አየር ይተኛበታል፣ ከብት ስለሚውልበትም መዥገርና ቁንጫ አያጣውም። ሜዳው አልቆ ተዳፋቱ የሚጀምርበትን፣ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር የራቀውን ቦታ ይፈልጉ። ርቀቱ ለሐይቁም ይጠቅማል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ከዚያ ወዲያ መሆን አለበትና። እስከ 10 ሰዓት ከደረሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዙሪያውን ዞረው ለማየት ጊዜ ያገኛሉ። መጀመሪያ ጀርባዎን አስነክተው መሬቱ ላይ ይጋደሙ፤ ጉብታውና ድንጋዩ ያኔ ይታወቃል። ትንሽ ተዳፋት ካለው ራስጌዎ ወደ ላይኛው ይሁን።

ደሴት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ጅብ አይመጣም፣ ነገር ግን ሌሊት ችግር ቢገጥም በእግር የሚወጡበት መንገድም የለም። ጣና ውስጥ ወደ 37 ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ገዳም ያለባቸው ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ወይም ወንድምና እህት አብረው ሊያድሩ ካሰቡ ቀድመው ይወቁት። የገዳም ደሴት የመነኮሳት ቤት ነው፤ ማደር የሚቻለው አበምኔቱ ሲፈቅዱና ባሳዩት ቦታ ብቻ ነው። ገበሬዎች የሚኖሩበት ደቅ ደሴት፣ ከሁሉ ሰፊው፣ ለመንገደኛ ይቀላል። በዚህ ሰሞን የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ። በደሴ መንገድ ለሚወርድ ሐይቅ እስጢፋኖስም አለ፤ ድሮ ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ የውሃ ዳርቻ እንደማይታመንም ያሳያል።

የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ክረምቱ እንዳበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ የሚወርደው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በሰኔ ደረቅ ሆኖ ያዩት ዳር በመስከረም ውሃ ሥር ነው። ከሸምበቆና ከደንገል ዳር ይራቁ፤ ወባ አስተላላፊ ትንኝ የሚበዛው እዚያ ነው፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው ዳርም ቢልሃርዚያ አለ። ነፋስ የሚያገኘው አፍንጫ መሬት ትንኝ ይቀንሳል፣ ድንኳኑን ግን ይፈትናል፤ ከሁለቱ ነፋሱን መርጦ ገመድ ማጥበቅ ይሻላል። ጉማሬ ባለበት በኩል፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ከውሃው ወደ ሣሩ የሚወጣ ሰፊ የተረገጠ መንገድ ካዩ የጉማሬ መውጫ ነውና ከዚያ ሩቅ ይስፈሩ።

ከባለ ጀልባው ጋር የሚያደርጉት ስምምነት የቦታ መረጣው አካል ነው። ጀልባው የሚጠጋበትን ዳር እሱ ስለሚያውቅ ድንኳኑ ከዚያ እንዳይርቅ ያድርጉ፤ ስልክ የሚይዝበትንም ጉብታ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሣ መመለሻው ጠዋት፣ ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን። ነፋሱ ማልዶ ከተነሣ ግን ባለ ጀልባው አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም፤ ስለዚህ ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚበቃ ምግብና የተጣራ ውሃ ይዘው ይሻገሩ።