ባዝ፦ ፍል ውሃና ድንጋይ የሠሯት ከተማ

ባዝ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ በኤቨን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። መልኳን የወሰኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከከርሰ ምድር የሚፈልቀው ፍል ውሃ፣ ሌላው ከኮረብታዎቿ የሚወጣው ወርቃማ የኖራ ድንጋይ። ውሃው በየዘመኑ ሰው ጠራላት፤ ድንጋዩ ደግሞ ለመጣው ሰው ቤተ ጸሎት፣ አዳራሽና መኖሪያ ሆነ።

ዋናው ምንጭ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ያፈልቃል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሮማውያን ከመድረሳቸው በፊት የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ምንጭ ሱሊስ የምትባል አምላክ ያመልክ ነበር። ሮማውያን በ1ኛው ምዕተ ዓመት አገሩን ሲይዙ ሱሊስን አልሻሯትም፤ ከራሳቸው ሚኔርቫ ጋር አዋሕደው ቤተ መቅደስ ሠሩላት፤ ከተማዋንም አኳ ሱሊስ አሏት። ከምንጩ አጠገብ የገነቡት ታላቁ መታጠቢያ 1.6 ሜትር ጥልቀት አለው። ወለሉ ውሃ እንዳያሰርግ 45 የእርሳስ ዝርግ ተነጥፎበታል፤ ያ ዝርግ ዛሬም ከቦታው አልተነሣም። ትርፉ ውሃም እስካሁን ወደ ኤቨን ወንዝ የሚወርደው ሮማውያን በሠሩት የድንጋይ ቦይ ነው። በመታጠቢያው ዙሪያ ከላይ የሚታየው ሰገነትና የቄሣሮች ሐውልት ግን የሮማውያን ሥራ አይደለም፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፍርስራሹ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ የተጨመረና በ1897 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ የተከፈተ ነው።

ከምንጩ ውስጥ ከ12,000 በላይ የሮማውያን ሳንቲሞችና 130 ያህል በስስ እርሳስ ላይ የተጫሩ የእርግማን ጽሑፎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ሌባን የሚረግሙ ናቸው። ዶኪሜዲስ የተባለ ሰው ሁለት ጓንት ተሰርቆበት፣ የወሰደበት ሰው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ አምላኳን ለምኗል። ነገሥታት ካስጻፉት ታሪክ ይልቅ የተራውን ሰው ኑሮና ንዴት የሚነግሩት እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው።

ከመታጠቢያው አጠገብ የባዝ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚህ ስፍራ በነበረው ጥንታዊ ገዳም በ973 ንጉሥ ኤድጋር ዘውድ ጭኗል። ኖርማኖች ከዚያ በኋላ የሠሩት ትልቅ ካቴድራል እያረጀ ስለ ሄደ ጳጳሱ ኦሊቨር ኪንግ በ1499 ገደማ አሁን የቆመውን ሕንፃ አስጀመሩ። ጳጳሱ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ በሕልማቸው እንዳዩ ይነገራል፤ በምዕራቡ በር ግራና ቀኝም ያ ሕልም በድንጋይ ተቀርጿል። ወደ ላይ የሚወጡት መላእክት መሰላሉን ይዘው ሲንጠላጠሉ፣ የሚወርዱት ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ይታያሉ። ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ ሕንፃው ሳያልቅ በ1539 ተወረሰ፤ ጣሪያው ለብዙ ዓመታት ተገፎ ከቆየ በኋላ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ታደሰ። በመቅደሱ በኩል ያለው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የድንጋይ ጣሪያ የሮበርትና የዊልያም ቨርቱ ሥራ ነው። በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ያለውን ደግሞ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዚያ ጋር አስመስሎ ጨርሶታል። ግድግዳውን ከ600 በላይ የመታሰቢያ ጽላቶች ሸፍነውታል፤ ብዙዎቹ ለመታከም መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች መታሰቢያ ናቸው።

ባዝ አሁን የምትታወቅበትን መልክ የያዘችው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። መኳንንቱና ሀብታሞቹ ውሃውን ለመጠጣት፣ ለመታጠብ፣ ለጭፈራና ለቁማር ይጎርፉ ጀመር። የከተማዋን ግብዣና ሥርዓት ሪቻርድ ናሽ ይመራ ነበር። በፖስታ ሥራ የከበረው ራልፍ አለን ደግሞ በኮም ዳውን ኮረብታ ያሉትን የድንጋይ ካባዎች ገዝቶ፣ ድንጋዩን በሐዲድ ላይ በሚሄዱ ጋሪዎች ወደ ወንዙ ያወርድ ነበር። አርክቴክቱ ጆን ዉድ በዚህ ድንጋይ ኩዊን ስኩዌርን ሠራ፤ በ1754 ደግሞ ክብ ሆኖ የሚዞረውን ሰርከስ አስጀመረ። በዚያው ዓመት ስለ ሞተ በ1768 የፈጸመው ስሙን የወረሰው ልጁ ነው። ሰርከስ 33 ቤቶች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ የዶሪክ፣ የአዮኒክና የኮሪንት ዓምዶች ተደራርበውበታል።

ልጁ በ1767 የጀመረው ሮያል ክረሰንት 30 ቤቶችን በአንድ ቅስት የሚያያይዝ ሲሆን ፊቱ ላይ 114 የአዮኒክ ዓምዶች ተሰልፈዋል። ከፊት ሲታይ አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ከኋላው ግን ቁመቱም መስኮቱም የተለያየ ነው። ምክንያቱም ገዢዎቹ በዉድ ንድፍ የታነጸውን ፊት እየተካፈሉ ይገዙና ከበስተኋላው ያለውን ቤት እያንዳንዱ በየራሱ ሠራተኛ ያስገነባ ነበር። በኤቨን ላይ የተዘረጋው ፑልትኒ ድልድይም የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። ሮበርት አዳም የነደፈው ይህ ድልድይ በ1774 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ ሱቆች ስላሉበት የሚሻገር ሰው ወንዙን አያየውም።

ከሐውልቶቹ መካከል ናሽ በ1738 ለዌልሱ ልዑል ፍሬድሪክ ክብር በኩዊን ስኩዌር ያቆመው ባለ ሹል ጫፍ ሐውልት ይጠቀሳል። ከገዳሙ ቤተ ክርስቲያን አጠገብም ውሃ የምትቀዳውን ርብቃን የሚያሳይ ምንጭ አለ፤ ያሠሩት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጠጥን ይቃወሙ የነበሩ ማኅበርተኞች ናቸው። በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጭፈራ አዳራሾቹ ተቃጠሉ፣ የገዳሙ መስኮቶችም ተሰባበሩ። ሁለቱም ኋላ ተጠግነዋል።

በከተማዋ ምዕራባዊ ዳር የሚገኘው ፌርፊልድ ሀውስ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ባዝ መጥተው ይህን ቤት ገዙ፤ እስከ 1940ም በስደት ኖሩበት። የሕይወት ታሪካቸውንም በዚያ የስደት ዘመን ጻፉ። ከድል በኋላ በ1954 ተመልሰው ሲጎበኟት ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማዋ አበረከቱ። አሁንም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል፤ ኢትዮጵያውያንና ራስተፈሪያውያንም ይጎበኙታል።

ዩኔስኮ ባዝን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ2021 ደግሞ ከአውሮፓ ታላላቅ የፍል ውሃ ከተሞች አንዷ አድርጎ በድጋሚ አስገባት። በሮማውያኑ መታጠቢያ መዋኘት ክልክል ነው፤ መታጠብ የሚፈልግ በ2006 ወደ ተከፈተው አዲስ የፍል ውሃ ሕንፃ ይሄዳል። ወደ ወንዙ ከሚወርደው ትርፍ ውሃም ሙቀቱ እየተወሰደ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ይሞቅበታል።