ልደምር ወይስ ልቀንስ?

«እማዬ፣ ልደምር ወይስ ልቀንስ?» የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያለው ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ያው ልጅ «10 ሲቀነስ 4» ሲሉት ከአፍ ነጥቆ «6!» ይላል። ስሌቱ በታሪክ ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን እርሳሱን ማኘክ ይጀምራል። መቀነስ ጠፍቶት አይደለም፤ ታሪኩ አልታየውም።

እንግዲያው ጥያቄውን ልጁ በዓይኑ ካየው ነገር ማውጣት ነው። ለዚህ ክረምትን የሚያህል የለም፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት ይንጣጣል። ልጄን እንዲህ አልኳት፦ «ጠዋት በቆሎ ገዛን። 4ቱን ጠብሰን በላን፤ 6 ቀረን። ስንት ነበር የገዛነው?»

«2!» አለች ሳታስብ። «ቀረ» የምትል ቃል ሰማቻ! ይህን አቋራጭ የምናስተምራቸው እኛው ነን፤ «ቀረ ካለ ቀንስ፣ በለጠ ካለ ደምር» እያልን። ቀላሉን ጥያቄ ያሻግራል፤ መነሻው የተደበቀበት ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ይጥላቸዋል።

አላረምኳትም። ቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን 6 በቆሎዎች አስቆጠርኳት፤ ቀጥሎ ሳህኑ ላይ የተከመረውን ቆረቆንዳ። 4። «እነዚህስ ጠዋት የት ነበሩ?» ቅርጫቱን አየች፣ ሳህኑን አየች። «ውይ፣ እዚያው ውስጥ! 10 ነበሩ።»

«በለጠ»ም እንዲሁ ያታልላል። መስከረም ላይ፣ «አንቺ 8 አደይ አበባ ቀጥፈሻል፤ ወንድምሽን በ3 ትበልጪዋለሽ። እሱ ስንት አለው?» በሏት። 11 ካለች የሁለቱን አበባ ትይዩ አስደርድሯት፤ 5 መሆኑን ራሷ ትደርስበታለች።

ቡሄ ደግሞ ማካፈልን ይዞ ይመጣል። ሆያ ሆዬ የጨፈሩ 4 ልጆች 14 ሙልሙል ቢያገኙ 3 3 ይደርሳቸውና 2 ይተርፋል። ሙልሙል ይቆረሳል፤ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ይጨመራል። የተረፈው 2 ሙልሙል ሳይሆን 2 ኳስ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ልጆቹ ይከራከሩ፣ አታቋርጧቸው።

ከፍ ላሉት የቀን መቁጠሪያው ይበቃል። ዛሬ ነሐሴ 24 ከሆነ እንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው? ጳጉሜን 5 ስትሆን 12፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ስትሆን 13 ቀን ነው። ጳጉሜንን የሚረሳው ብዙ ነው፤ አዋቂውም ጭምር።

በነገራችን ላይ፣ ቆረቆንዳውን መልሱ ሳይገኝ አትጣሉት።