ፕላው እንጂ ፕሎግ አይደለም

ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታችንን በአማርኛ ጀምረን ነው ወደ እንግሊዝኛው የገባነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን አድርጓል። ታዲያ ዘንዘልማ ስንደርስ ቃላቱን በዓይን እናውቃቸዋለን፤ በጆሮ ግን ገና ነን። ትርፉ ዝምታ ነው። ሞፈርና ቀንበር እያየ ያደገ ልጅ ስለ እርሻ ሲጠየቅ፣ መልሱን እያወቀ፣ ቃሉን አሳስቶ እንዳይሳቅበት አንገቱን ይደፋል። እኔም አንድ ጊዜ ሪፖርት ሳቀርብ ማረስ የሚለውን ቃል «ፕሎግ» ብዬ ባነበው ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ትክክሉ «ፕላው» ነው። በውስጡ ያሉት ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት በተለይ የኛን የግብርና ተማሪዎች ያምሱናል። ድርቅ «ድራውት» ነው። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ግን «ትሮፍ» ይባላል፤ እንደ ገለባና ድርቆሽ ያለው ሻካራ መኖ ደግሞ «ራፊጅ»። አጻጻፉ አንድ፣ ንባቡ ሦስት! ለምን ቢሉ፣ ጂና ኤች ጥንት ከጉሮሮ የሚወጣ ኽን የመሰለ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ፣ አነጋገሩ መለወጡን አላቆመም። ድምፁ ከአንዳንዱ ቃል ጠፋ፤ በአንዳንዱ ወደ ፍ ተለወጠ። እኛስ ብንሆን ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን ለይተን እየጻፍን በአንድ ድምፅ አይደል እንዴ የምናነባቸው?

አነባበቡን ከቃሉ ጎን በፊደላችን መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው። የሕፃን ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ነገር ግን በግምት ከተጻፈ ስሕተቱን ያጸናዋል። መጀመሪያ ስልክ ላይ ካለ ድምፅ ካለው መዝገበ ቃላት ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት፣ ከዚያ መጻፍ ነው።

ፊደላችን የማያሳየው ነገርም አለ። እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ይናገራል። «ፕሮድዩስ» ሲባል መጀመሪያው ከተጫነ የእርሻ ምርት፣ በተለይም አትክልትና ፍራፍሬ ማለት ነው፤ «ፕረድዩስ» ተብሎ መጨረሻው ከተጫነ ግን ማምረት ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም የሚጻፉት አንድ ዓይነት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ጣና ላይ የሚዋኘው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ዋና ከተማ እንደምንለው ነው። እኔ የሚጫነውን ክፍል ከሥሩ አሰምርበታለሁ።

ትርጉሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ፋሎው» የሚለውን ቃል ሳገኝ ወዲያው «ጦም ያደረ መሬት» ብዬ ጻፍኩና ተገላገልኩ። ግን አያቴ መሬቱ ጦም አደረ የሚሉት በሬ ወይም ዘር ሲያጡ ነው፤ ያውም እያዘኑ። በትምህርታችን ያለው ፋሎው ግን ገበሬው አስቦበት፣ አፈሩ ለምነቱን ወይም እርጥበቱን መልሶ እንዲያገኝ ሳይዘራ የሚያሳርፈው መሬት ነው። ፈተና ላይ አንዱን በሌላው ቦታ ብጽፍ ኖሮ ቃሉን አውቄ መልሱን እስት ነበር። አሁን ደብተሬ ላይ «ፋሎው፦ ፋ ይጫናል፤ ሆን ተብሎ ያረፈ መሬት፤ አያቴ ከሚሉት ይለያል» የሚል ተጽፏል።